ከሌዘሩ በፊት፣ ከሌዘሩ በኋላ

የራኬብ ጸጉር መርገፍ የጀመረው በሃያ ስድስት ዓመቷ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት ጥር ላይ ነው። መጀመሪያ የሻወሩ ማፍሰሻ ተደፈነ። ቀጥሎ ትራሷ ላይ፣ ሹራቧ ትከሻ ላይ፣ የመኪናዋ ወንበር መደገፊያ ላይ ታገኘው ጀመር። በአምስት ሳምንት ውስጥ ከግማሽ በላይ ሄደ። እናቷ ወይዘሮ ብዙነሽ "ዓይን ነው" ብላ ጠበል አመጣችላት። ራኬብ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ክላርክስተን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲም ባዮሎጂ የተማረች ናት። ጠበሉንም ተረጨች፣ ኢንተርኔት ላይ ያገኘችውንም ሁሉ አነበበች። አንዱም አላረጋጋትም።

ጊዜው ሥራ የምትፈልግበት ነበር። ሁለት ኢንተርቪው ሻሽ አስራ ሄዳ ሁለቱም ሳይሳካ ቀረ። ምክንያቱ ሻሹ ይሁን ሌላ ነገር የነገራት የለም፤ እሷ ግን ሻሹ ነው ብላ ደመደመች። ሦስተኛው ደንዉዲ በሚባል ሰፈር ያለ አንድ የጸጉር ክሊኒክ ነበር። እንግዳ የሚቀበልና ደንበኛ የሚያማክር ሰው ይፈልጋሉ።

ባለቤቱ ዴሪክ ይባላል፤ ሐኪም አይደለም፣ ነጭ ጋዋን ግን ይለብሳል። ገና እንደተቀመጠች "ሻሹን ልታወልቂው ትችያለሽ?" አላት። አወለቀችው። ጸጉሯ ከረገፈ ወዲህ ራሷን አይቶ ፊቱ ያልተለወጠ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

"ሥራው ያንቺ ነው" አላት። "ማሽኑንም በነፃ ትጠቀሚያለሽ። እኔ የምፈልገው ፎቶ ብቻ ነው።"

ወረቀት አቀረበላት፤ በደንብ ሳታነበው ሳይን አደረገች። በዚያው ሳምንት ነጭ ግድግዳ ፊት አቁሞ ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ አነሳት።

ማሽኑ የጸጉር ቤት ካስክ ይመስላል። ውስጡ በሙሉ ቀይ መብራት ነው፤ አይሞቅም፣ አያቃጥልም። ዴሪክ እንደሚለው ሌዘሩ የደከመውን የጸጉር ሥር ይቀሰቅሰዋል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ። ራኬብ ሥራዋን ስትጨርስ ትቀመጥበታለች። በግንቦት ራሷ ጠቆረ፣ በመስከረም ጸጉሯ ጆሮዋን አለፈ። ዴሪክ እንደገና ፎቶ አነሳትና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ፣ በር በሚያህል ወረቀት አሳትሞ መግቢያው ላይ ሰቀለው። ከአንዱ ሥር "ከሌዘሩ በፊት"፣ ከሌላው ሥር "ከሌዘሩ በኋላ" ይላል። በትንሹም በራሪ ወረቀት አሠራ። አማርኛውን ራኬብ ራሷ ጻፈችለት፤ ራሷም እየነዳች ቡፎርድ ሃይዌይና ክላርክስተን ላሉ የሐበሻ ሱቆች አደለችው። አላፈረችም። ደስ ብሏት ነበር።

አንድ ነገር ግን ከውስጧ አልወጣም። ዴሪክ ለደንበኛ ሁሉ የሚናገረውን ለእሷም ነግሯታል፤ "ካቆምሽ የበቀለው ይረግፋል።" ስለዚህ ጸጉሯ ከሞላ በኋላም መቀመጧን አላቆመችም። ማሽኑ ተበላሽቶ አሥር ቀን ሲቆም ማበጠሪያዋ ላይ የቀረውን ጸጉር አንድ በአንድ እያነሳች ነጭ ወረቀት ላይ ስትደረድር እናቷ አይታታለች።

ነዚፋ የመጣችው በኅዳር ነው። ኮምቦልቻ ተወልዳ ያደገች የአርባ አራት ዓመት ሴት ናት። ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ ባሏ ሸፊቅ ታክሲ ይነዳል፣ ቤታቸው ፓይን ሌክ ነው። በራሪ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ መጣች። በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ ሂጃቧን ፈታች። ከግንባሯ ጀምሮ እስከ ሁለቱ ጆሮዎቿ ድረስ አራት ጣት የሚያህለው ቦታ ባዶ ነው። ቆዳው ያብለጨልጫል።

"ከልጅነቴ ጀምሮ ሹሩባ አጥብቀው ነው የሚሠሩኝ" አለች። "እዚህ ከመጣሁም በኋላ ከላዩ ላይ ሰው ሠራሽ ጸጉር እያሰፋሁ ከረምኩ። ቤት ውስጥ እንኳ ሻሼን አልፈታም። ሸፊቅ በብርሃን ካየኝ ወላሂ ስድስት ዓመት አልፎታል።"

ራኬብ ወንበር አቀረበችላት። "አይ ኖው፣ ይገባኛል" አለች። "እኔም እንደዛ ነበርኩ።"

"አየሁት እኮ። የመጣሁት ላንቺ ፎቶ ብዬ ነው። ፈረንጅ ቢሆን አላምንም ነበር፤ ያንቺ ግን የኛው ጸጉር ነው።" ነዚፋ ዓይኗን ራኬብ ጸጉር ላይ ተክላ ቆየች። "ይሠራል?"

"ለእኔ ሠርቷል።"

የምታምነውን ነው የተናገረችው። ነዚፋ የዓመት ኮንትራት ሳይን አደረገች።

ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ በቀጥታ ትመጣለች። ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ካስኩ ሥር ትቀመጣለች። አንዳንዴ ለራኬብ በፎይል የተጠቀለለ ሳምቡሳ ይዛ ትመጣለች። ሃያው ደቂቃ ሲያልቅ መስታወቱን ትጠይቅና ግንባሯን ወደ መብራቱ አዘንብላ "ዛሬስ?" ትላለች። በመጀመሪያዎቹ ወራት ራኬብ "ገና ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል" ትላት ነበር። በስድስተኛው ወር ዓይኗን መሸሽ ጀመረች። ፎቶዎቹን ኮምፒውተሩ ላይ ጎን ለጎን አድርጋ ብታያቸው ከቀኑ በቀር ልዩነት የላቸውም። ለዴሪክ ነገረችው።

"አንዳንዱ ሰው ይዘገያል። ያንቺን አሳያት" አላት።

ሰኔ ላይ ነዚፋ ካስኩ ሥር ሆና አንድ ነገር ለመነቻት። መስጊድ ውስጥ የጤና ምርመራ በተደረገ ቀን አንዲት ነርስ አይታት ወደ ቆዳ ሐኪም ልካታለች፤ ቀጠሮዋ ለሚቀጥለው ሰኞ ነው።

"አስተርጓሚ በስልክ እናደርግልሻለን አሉኝ። በስልክ አልወድም። ልጆቼ ወንዶች ናቸው፣ ራሴን እንዲያዩብኝ አልፈልግም። አንቺ እንደሁ አይተሽዋል። ትመጪልኛለሽ?"

ራኬብ የምትሰጠው ሰበብ ፈለገች፣ አጣች። "ኦኬ፣ እመጣለሁ" አለች።

ሐኪሟ በዕድሜ የገፋች ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። የነዚፋን ግንባር በማጉያ መነጽር ረጅም ጊዜ አየችው፤ በጣቷም ጫን ጫን አደረገችው። ከዚያ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና ቀስ ብላ ተናገረች። ራኬብ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ታመጣዋለች።

"ለብዙ ዓመት ከመጎተቱ የተነሳ ነው ትላለች። ከፊት ያለው ሥሩ ሞቷል፤ ቦታው ጠባሳ ሆኗል። ከሞተ ሥር አይበቅልም ትላለች። ከኋላው ያለው ግን በሕይወት አለ። ከእንግዲህ ካልጎተትሽው፣ መድኃኒትም ከተቀባሽ፣ እሱን ማዳን ይቻላል።"

ነዚፋ ወደ ራኬብ ዞረች። "ሌዘሩስ በያት።"

ራኬብ ጠየቀች። ሐኪሟ ራሷን ግራ ቀኝ ነቀነቀች። በዘር የሚመጣ መሳሳት ያለባቸውን አንዳንድ ሰዎች ትንሽ የረዳ ይመስላል፣ ጥናቱ ግን ገና ጥቂት ነው፣ የሚረዳውም መጠነኛ ነው፤ ለጠባሳ ግን ምንም አያደርግም አለች። ራኬብ ይህንንም ሳትቀንስ ተረጎመች። ፊቷ ይሞቃት ጀመር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ በሩን የሐኪሟ ወንበር ዘግቶታል።

"እሺ" አለች ነዚፋ። "የእሷስ እንዴት በቀለ በያት።"

"የማን?"

"ያንቺ ነዋ። ጠይቂልኝ።"

ራኬብ ወደ ሐኪሟ ዞረች። ሌላ ነገር ብላ መጠየቅ ትችላለች፤ የሐኪሟን መልስም ሌላ አድርጋ ማምጣት ትችላለች። ነዚፋ የምታውቅበት መንገድ የለም። ግን ነዚፋ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ አፏን አፏን ነው የምታያት። ጥያቄውን እንደተጠየቀ አቀረበችው፤ እኔም ረግፎብኝ ነበር፣ ሌዘር ሥር ተቀምጬ ተመለሰ፣ እንዴት ነው?

ሐኪሟ ጸጉሯን ተመለከተች። "ከመርገፉ በፊት ታመሽ ነበር?"

ጥቅምት ላይ ኒሞኒያ ይዟት ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ትኩሳቱ ሲብስባት የእናቷን ስም እንኳ ረስታ ነበር። ተናገረች።

"ከከባድ ትኩሳት በኋላ በሁለት፣ በሦስት ወሩ ጸጉር እንዲህ ይረግፋል" አለች ሐኪሟ። "ሥሩ ስለማይሞት ብዙውን ጊዜ በራሱ ይመለሳል። ያንቺም፣ ማሽን ሥር ባትቀመጪም፣ መመለሱ አይቀርም ነበር ብዬ ነው የምገምተው።"

ማሽኑ ሥር ከመቀመጧ በፊት፣ ገና ሥራውን ሳታገኝ፣ እናቷ አንድ ማለዳ ቅባት ስትቀባት "ብቅ ብቅ እያለ ነው፣ መዳፌን ይወጋኛል" ብላት ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ረስታው ነበር ወይስ ማስታወስ አልፈለገችም፣ ራሷም አታውቅም።

"ምን አለች?" አለች ነዚፋ።

"በራሱ ይመለስ ነበር አለች። በሕመም ነው የረገፈው፤ ሌዘሩ ባይኖርም ይበቅል ነበር አለች።"

ነዚፋ ሂጃቧን አንስታ ቀስ ብላ ማሰር ጀመረች። መርፌ ቁልፉንም ሰካች። "አመሰግናለሁ በልልኝ" አለች፤ "በይልኝ" ለማለት ነው፣ እንዲህ ተሳስታ አታውቅም ነበር።

መኪና ውስጥ ገቡ። ራኬብ "ሶሪ፣ እትዬ ነዚፋ። አላወቅኩም ነበር፣ እውነቴን ነው" አለቻት።

"አለማወቅሽን አውቃለሁ፤ ፊትሽን አይቻለሁ።" ነዚፋ ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር። "ግን እኮ ልጄ፣ እኔ ማሽኑን አላመንኩም። አንቺን ነው ያመንኩት።"

በማግስቱ ራኬብ ዴሪክ ቢሮ ገብታ ሁለት ነገር ጠየቀችው፤ የነዚፋን ኮንትራት እንዲያፈርስላትና ፎቶውን እንዲያወርደው። ዴሪክ አልተቆጣም። ከመሳቢያው የፈረመችበትን ወረቀት አውጥቶ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ። ፎቶው የክሊኒኩ ነው፤ እዚህ ብትሠራም ባትሠራም። ኮንትራቱም እንደዚያው።

"አንድ ሐኪም ግምቷን ስለነገረችሽ ነው?" አላት። "ከዓመት በላይ ተቀምጠሻል፣ ጸጉርሽ በቅሏል። ሌዘሩ እንዳልሆነ በምን ታውቂያለሽ?"

ለማወቅ የሚቻለው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ማቆም። ያን ቀን ካስኩ ሥር አልተቀመጠችም። በሚቀጥለው ሳምንትም አልተቀመጠችም። ሥራ ለቅቃ እንዳትሄድ ያ ዓመት ሰው በየቦታው የሚቀነስበት ነበር፤ ሰባት ማመልከቻ ልካ አንድም ጥሪ አልመጣላትም። ጠዋት ገብታ የራሷ ፎቶ ሥር ትቀመጣለች። የሚገባ ሰው ፎቶውን ያይና እሷን ያያል። ማበጠሪያዋን መፈተሽ ስትፈራ ጸጉሯን ጠቅልላ ሳታበጥር የዋለችበት ቀን ነበር። አንድ ሁለቴ የክሊኒኩ ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ ካስኩን ከፍታ፣ ቀዩን መብራት አይታ፣ መልሳ አጥፍታዋለች። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ። ጸጉሯ አልረገፈም።

ነዚፋ ግን ማክሰኞና ሐሙስ መምጣቷን ቀጠለች። ራኬብ ግራ ገብቷት "እንደማይሠራ እያወቅሽ ለምን ትመጫለሽ?" አለቻት።

"እቤት ብገባ ሳህን፣ ሥራ ብሆን አልጋ" አለች ነዚፋ ዓይኗን ጨፍና። "እዚህ ለሃያ ደቂቃ ማንም አይጠራኝም። ኮንትራቴ እስኪያልቅ እቀመጣለሁ።" ሳምቡሳ ግን ከዚያ ወዲህ ይዛላት አልመጣችም።

በዚያን ጊዜ ራኬብ በአማርኛ ለሚደውል ሁሉ እውነቱን መንገር ጀምራ ነበር። አማርኛ የማያውቀው ዴሪክ አጠገቧ ቆሞ እየሰማ፣ እየሳቀላት፣ እሷ ስልኩን ይዛ "መጀመሪያ ቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ የእኔን ፎቶ እንዳታምኚ" ትላለች። በመስከረም መጨረሻ ዴሪክ ከሐበሾቹ አንድም ሰው ለምን እንደማይፈርም ጠየቃት። ሐኪሟ ያለችውን እየነገርኳቸው ነው አለችው። ዕቃዋን ሰብስባ እንድትወጣ አንድ ሰዓት ሰጣት። ፎቶው ከነበረበት አልተነቃነቀም።

አራት ወር ሥራ ፈትታ ቆይታ ዲኬተር አንድ ላቦራቶሪ ገባች። በፀደይ አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ቡፎርድ ሃይዌይ ያለ ሱፐርማርኬት ጋሪዋን ይዛ ስትሰለፍ፣ ነጠላ የለበሰች ሴት ከኋላዋ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

"ይቅርታ፣ የጸጉሩ ፎቶ ላይ ያለሽው ልጅ አይደለሽም? እታገኝ እባላለሁ። ወረቀትሽ ቤቴ ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል።"

ራኬብ ጋሪውን ወደ ጎን አድርጋ ሁሉንም ነገረቻት፤ ኒሞኒያውን፣ ሐኪሟን፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ ማሽኑ ሥር ሳትቀመጥ ጸጉሯ እንዳልረገፈ። እታገኝ እየሰማች ዓይኗን ከራኬብ ጸጉር ላይ አላነሳችም። ጸጉሯ ጥቅጥቅ ብሎ ትከሻዋ ላይ ወርዷል፤ ባትፈልገውም ይናገራል።

"አይ ልጄ" አለች እታገኝ በመጨረሻ፣ እጇን ሰንዝራ አንዱን ዘለላ በጣቶቿ መሃል እያሻሸች። "እግዜር የሰጠሽን ለሌላ አትንፈጊ። ይኸው እኮ እየዳሰስኩት ነው።"

ራኬብ ቦርሳዋን ከፍታ የቆዳ ሐኪሟን ስልክ በወረቀት ጻፈችላት። እታገኝ ወረቀቱን ተቀብላ ሳታየው ኪሷ ከተተችው።

"እሺ፣ እደውላለሁ" አለች። "ግን ያ ደንዉዲ ያለው ቤት ከሃይዌዩ በስንተኛው ኤግዚት ነው የሚወጣው?"