በሄደው ሰው ስም

የቀለም ቀቢው ጊታር የራሱ የሆነ ቋሚ ስም ኖሮት አያውቅም። ከቤተሰቡ ርቆ የሄደ ሰው ካለ በእሱ ስም ይጠራል፤ የሄደው ሲመለስ ስሙን ለባለቤቱ ያስረክባል። ሴት ልጁ ድንቡሼ ነርስነት ልትማር የሄደች ጊዜ ጊታሩ ድንቡሼ ሆነ። አባትየው ከሥራ ይገባና እጁን በጋዝ አሽቶ ቀለሙን ካስለቀቀ በኋላ፣ እስቲ ድንቡሼን አውርዱልኝ፣ ዛሬ እንዴት እንደዋለች ልስማ ይላል። ልጅቷ ለእረፍት ስትመጣ ደግሞ ወደ ግድግዳው ቀና ብሎ፣ «አንተ ከዛሬ ጀምሮ ሥራ ፈት ነህ» ይለዋል። ሦስቱም ልጆች ቤት ካሉ ጊታር እንዲሁ ጊታር ነው።

እናትየው በዚህ ነገር ሆድ ይብሳት ነበር። ከዚህ ቤት ንቅንቅ ሳልል ልጅ ሳሳድግ፣ አንድ ቀን እንኳ ጊታር ሳልሆን ላረጅ ነው ትላለች። አንዴማ ሆን ብላ እህቷ ዘንድ ሄዳ ሰነበተች። ስትመለስ ገና ከበሩ ላይ፣ ማን ስትሉት ከረማችሁ ብላ ጠየቀች። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ለካ ሰውየው እሷ በሌለችበት ሳምንት ጊታሩን ጨርሶ አላወረደውም፤ ድስት ሲያሳርር ነው የከረመው።

ጥድፌ ይህን እያስታወሰ አውቶቡሱ ውስጥ ብቻውን ፈገግ አለ። የቤቱ የበኩር ልጅ ነው። ጥድፌ የተባለው አዋላጇ እጇን ታጥባ ሳትጨርስ በመወለዱ ነው፤ ከዚያም በኋላ አመሉ አለቀቀውም። አሁን እናቱ ደውላ፣ አባትህ ከመሰላል ወድቆ ግራ እጁን ተሰበረ፣ ለክፉ አይሰጥም፣ ግን ብትመጣ ጥሩ ነው ስላለችው እየሄደ ነው። ከቤት ከወጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በስልክ ከእናቱ ጋር ያወራል፤ አባቱ ግን ሰላም በሉት ብሎ ያስነግራል እንጂ ስልኩን አይቀበልም፤ እሱም አገናኙኝ ብሎ አያውቅም።

የአባቱ እጅ አሳስቦታል፤ ግን ከሱ ሥር ሌላ ነገር ነበር፣ መንገዱን ሁሉ አላስቀምጥ ያለው። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ጊታሩ አንድ ቀን፣ አንዲት ምሽት እንኳ፣ ጥድፌ ተብሎ ይሆን? ይህን እንዴት አድርጎ ይጠይቃል? ጎሚስታ ቤት ውሎ የጭነት መኪና ጎማ ሲያላቅቅ የሚያመሽ ጎልማሳ አባቱን፣ ናፍቄህ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል?

የተለያዩት በጊታር ነው። አባቱ ብሉዝ የሚባለውን ሙዚቃ የተማረው በወጣትነቱ የሠራተኞች ክበብ ሲቀባ ነበር። የክበቡ ጠባቂ አንዲት ሸክላ ብቻ ስለነበረችው እሷኑ እየደጋገመ ያጫውታል። ቀለም ቀቢው የዘፈኑ ቃል አልገባውም፤ የዘፋኙ መከፋት ግን ገባው። አንዱን ግድግዳ ሁለቴ ቀባው ይባላል፣ እሷኑ ለመስማት። ከዚያ ወዲያ ጊታር ገዛ፤ ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ ጣቱ ላይ አጥልቆ ክሩ ላይ ሲያንሸራትታት፣ ጊታሩ አፍ ያለው ይመስል ያቃስታል። ልጁንም ያስተማረው እሱ ነው። ጥድፌ ግን ጣቱ ፈጠነና አባቱን ጥሎት ሄደ። አንድ የበዓል ምሽት በዚያው ክበብ መድረክ ላይ ወጥቶ ጊታሩን ሲያስለቅሰው ሰዉ ተነስቶ አጨበጨበለት። አባቱ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ነበር። እንዴት ነው ልጅህ ቢሉት፣ «ጣቱ ሮጦ ደርሷል፤ እሱ ራሱ ግን ገና መንገድ ላይ ነው» አለ። ጠረጴዛው በሳቅ ሞተ። ጥድፌ ከኋላቸው ቆሞ ሰማ። በሳምንቱ ሻንጣውን ይዞ፣ ሆቴል ውስጥ የሚጫወት ባንድ አግኝቻለሁ ብሎ ሄደ። ባንዱ ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። ይህንን ለማንም አልተናገረም።

ቤቱ እንዳለ ነበር። የሳሎኑ አንደኛው ግድግዳ ላይ አባቱ ለደንበኛ ከማሳየቱ በፊት የሚሞክራቸው ቀለሞች በመዳፍ ልክ ተቀብተዋል፤ አዳዲሶቹ አሮጌዎቹን ሸፍነው ወጥተዋል። እናቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልቅሳ፣ ወዲያው ደግሞ ከስተሃል ብላ ተቆጣችው። አባቱ ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ልጁ ቀድሞ ጎንበስ አለለት። ተሳሳሙ። የአባቱ ግራ እጅ እስከ ክርኑ በጄሶ ታሽጎ ነጭ ሆኗል። አባቱ ጄሶውን እያሳየ፣ ግድግዳ ሲቀባ ኖሮ በተራው እሱ መቀባቱን፣ የቀቡት ሐኪሞች ግን ሁለተኛ ዙር ማልበስ እንደማያውቁ አወራ። ሳቁ። 

ጥድፌ ስለ ታናሽ ወንድሙ ጠየቀ። ሙጢ መንገድ ሥራ ተቀጥሮ ከሄደ ሁለት ወር አልሞላውም። አባቱ ወደ ግድግዳው በአገጩ አመለከተና፣ «ያውልህ ሙጢ ተሰቅሏል። ከወደቅሁ ወዲህ ያናገረው የለም፣ አኩርፏል» አለ።

ጥድፌ ጊታሩን አየ።  ተነስቶ ወደ ማድ ቤት ገባ። ድንቡሼ ድንች ትልጣለች። ከሥራ ፈቃድ ወስዳ አባቷን ልታስታምም መጥታለች፤ የነርስ ወጉ ደርሷት አባቷንም እናቷንም ታዛለች። ቢላዋ አንስቶ አብሯት መላጥ ጀመረ፤ ስለ ሥራዋ ጠየቃት፣ ስለ ድንቹ ዋጋም ጠየቃት፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ ጊታሩ ማን ነበር አላት።

«እኔ ነበርኩ። ከኔ በኋላ ሙጢ።»

«ሁለታችሁም ቤት ስትሆኑስ?»

እህቱ ገባት። ቢላዋዋን አቆመች። ልትዋሸው እንደፈለገች ከፊቷ ያስታውቅ ነበር፤ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ውሸት አይሆንላትም። በሱ ስም ተጠርቶ እንደማያውቅ ነገረችው። አንዴ እናታቸው፣ ልጁንማ ጥራው እንጂ ብትለው አባታቸው ምንም ሳይመልስ ኮቱን አንስቶ ወጥቶ እንደሄደ ነገረችው። የተላጠውን ድንች ውኃ ውስጥ ጣለና፣ እሺ፣ ደግ አላት። 

ሳምንት ሊቆይ ነበር የመጣው። ወደ ሳሎን ተመልሶ ሻንጣውን አነሳ። አሠሪው እንደሚፈልገው፣ ለማታው አውቶቡስ እንደሚደርስ፣ የአባቱ እጅ ደግሞ ለክፉ እንዳልሰጠ እያቆራረጠ ተናገረ። አባቱ ከታች ወደ ላይ አየው።

«ጥድፊያህ አለቀቀህም» አለው።

ይህቺን ቃል ባይሰማ ዝም ብሎ ይወጣ ነበር።

«ሙጢ ትናንት ሄዶ ዛሬ ስሙ ተሰቅሏል» አለ ጥድፌ። «እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ለአንድ እንጨት እንኳ ስም መሆን አልቻልኩም። እንደዚህ ነው የጠላኸኝ አባዬ?»

ማድ ቤት የነበረው የቢላዋ ድምፅ ቆመ። አባቱ በደህና እጁ ጥፍር የጄሶውን ጫፍ ፋቀ።

«ድንቡሼ ስትሄድ ትምህርቷ ሲያልቅ እንደምትመጣ አውቃለሁ» አለ። «ሙጢም መንገዱ ሲያልቅ ይመጣል። እንደሚመጣ የታወቀ ሰው በእንጨትም እየጠሩት ይቆያል፣ ጨዋታ ነው። አንተ መቼ እንደምትመጣ ነግረኸኝ ነው የሄድከው?»

ጥድፌ ሻንጣውን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ፤ አባቱ ቀጠለ።

«አንድ ቀን ጠርቼህ ነበር። ቤት ሰው አልነበረም። አውርጄው፣ ና እስቲ ጥድፌ አልኩት። ምን ብዬ ልንገርህ፣ እንደዚያ ቀን ተጫውቶልኝ አያውቅም። ብልቃጧ ከእጄ እስክትወድቅ አለቀስኩ። ሲያበቃ ቀለል አለኝ። እሱ ነው ያስፈራኝ፣ ቀለል ማለቱ። ይህን ከለመድኩ ልጁን መጠበቅ እተዋለሁ አልኩ። መልሼ ሰቀልኩት፤ ሁለተኛ በስምህ አልጠራሁትም።»

ጥድፌ ሻንጣውን አስቀመጠ።  ስለ ክበቡ ሳቅ ሊያነሳ ፈልጎ ተወው። አባቱ ግን የልጁን ጣቶች እያየ ነበር፤ ጥቁር ቅባት ጥፍሩ ሥር ገብቷል፣ ጫፋቸው ደድሯል። የሆቴል ሙዚቀኛ እጅ አይደለም። አባቱ ይህን ቀለም እንደሚያውቅ ሰው አየው፣ ምንም ግን አልጠየቀም። ይልቅ ጊታሩን አውርድ አለው።

ልጁ አወረደው። አባቱ ጊታሩን በቀኝ እቅፉ ያዘና የጊታሩን አንገት ወደ ልጁ አዞረለት፤ አንተ ከዚያ ያዝ፣ እኔ ከዚህ እመታለሁ አለው። ሁለት ወንበር አስጠግተው ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ። መጀመሪያ ላይ መሳቂያ ነበር። የጥድፌ ግራ እጅ እንደ ልማዱ ሮጠ፤ ሦስት ቦታ ደርሶ ሲጠብቅ አባቱ ገና አንዱን ክር አልመታም። ጣቱ ያለ ድምፅ ባዶ ክር ላይ ሲንደፋደፍ ድንቡሼ በሩ ላይ ቆማ በሳቅ ፈነዳች። ደግሞ ጀመሩ፣ ደግሞ ተበላሸ። በኋላ ግን ልጁ መሮጡ ከንቱ እንደሆነ ገባውና የአባቱን ትንፋሽ ማዳመጥ ጀመረ። አባቱ ከመምታቱ በፊት አየር ይስባል። አንዲት ክር መታ፤ ጥድፌ በደደረው ጣቱ ክሯን ገፍቶ ለጠጣት፣ ቶሎም አለቀቃትም። ድምፁ ወጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቀስ እያለ ወረደ። እናትየው ብርጭቆ ልትወስድ ገብታ ነበር፣ ብርጭቆውን ደረቷ ላይ ይዛ ቀረች።

ድምፁ አለቀ።

«መቼ ነው የምትመጣው?» አለ አባቱ ክሩን እያየ።

«አልሄድኩም እኮ ገና።»

«ስትሄድስ? ቀን ንገረኝ።»

ጥድፌ አሰበ። አሠሪውን፣ የአውቶቡሱን ርቀት፣ የጎማውን ክምር አሰበ።

«ጄሶው የሚፈታ ቀን እመጣለሁ» አለ።

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ ከመሄዴ በፊት ሌላ ቀን እነግርሃለሁ።»

አባቱ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አየር ሳበ፤ ልጁም ጣቱን ክሩ ላይ አድርጎ ጠበቀ።