ቀዩን ማን አበራው?

1.

«ቀዩ በርቷል። ልትመጪ ነው እንዴ ልጄ?»

ስመኝ የአባቷን መልእክት ባሕር ዳር ቢሮዋ ውስጥ ሆና ሦስቴ አነበበችው። እሷ ምንም አላበራችም።

2.

አረንጓዴ፦ ደህና ነኝ።
ቢጫ፦ ስልክህን እይ።
ቀይ፦ ነገ እመጣለሁ።

ደብረ ማርቆስ ያሉት ልብስ ሰፊ አባቷ፣ አቶ ውቤ፣ ከታመሙ ወዲህ ጆሯቸው አይሰማም። ስልክ ቢጮህ አያውቁም። ስለዚህ ልጃቸው መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ላይ ሦስት መብራት ገጥማ ከስፌት መኪናቸው አጠገብ አስቀመጠችላቸው። እሷ ስልኳ ላይ አንዱን ቀለም ስትነካ እዚያ ይበራል።

3.

መብራቶቹን የሚያዘው ኮድ ሁልጊዜ ነቅቶ የሚጠብቅ የራሱ ሰርቨር የለውም። ሲጠሩት ይነቃል፤ የታዘዘውን ያደርጋል፤ ተመልሶ ይተኛል። በገዛ እጁ መብራት አያበራም።

ሰው ጠርቶታል።

ማን?

4.

የጥሪዎቹን መዝገብ ከፈተች። ጠዋት 4፡12። አንድ ጥሪ። ቀይ።

በዚያ ሰዓት ስብሰባ ላይ ነበረች፤ ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ። ቦርሳ መብራት ያበራል እንዴ? ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

ከዚያ ትዝ አላት፦ ስልክ ላይ የሚነካውን ማብሪያ ዓምና ለአንድ ሰው ልካለት ነበር። መልስ እንኳ አልሰጣትም።

5.

ይሁኔ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ቡሬ ይኖራል። እናታቸው ስትቀበር አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ አባቱ ስሙን አንስተው አያውቁም።

(ለምን እንደቀረ እኔም ተራኪው አላውቅም። ምክንያት ልፈጥርለት ሞከርኩ፤ የፈጠርኩት ሁሉ ውሸት ውሸት አለኝ። ሰረዝኩት።)

6.

ደወለችለት።

ስመኝ፦ አንተ ነህ?
ይሁኔ፦ በራ እንዴ?
ስመኝ፦ በርቷል! ቀይ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?
ይሁኔ፦ መች ነገርሽኝ?
ስመኝ፦ ታዲያ አባዬን ምን ልትለው ፈልገህ ነው?
ይሁኔ፦ እኔ እንጃ። ብቻ አጠገቡ የሆነ ነገር እንዲበራ ፈለግኩ።
ስመኝ፦ ነገ እመጣለሁ ነው ያልከው።
ይሁኔ፦ አጥፊው።
ስመኝ፦ እሺ።
ይሁኔ፦ ቆይ! አታጥፊው።

7.

ስልኩ ሳይዘጋ ከአባቷ ሌላ መልእክት ገባ።

«ጢሜን ተላጨሁ። ዶሮም አስገዝቻለሁ። የምትመጪው ብቻሽን ነው?»

እስከዛሬ እንዲህ ብለው ጠይቀዋት አያውቁም።

ከታች ጨመሩበት፦ «ምሳው ለስንት ሰው ይሁን?»

ስመኝ ስልኩን ጆሮዋ ላይ መልሳ የወንድሟን ትንፋሽ አዳመጠች። እሱም አልዘጋውም። መልሱን መጻፍ ጀመረች፤ ቁጥሩን ግን ለይሁኔ ክፍት ተወችለት።

8.

አባዬ፣ ምሳው ለ          ሰው ይሁን።