ረፋድ ላይ «ገስግሺ»

ፈንታነሽ ጉና ሥር ካለው የአባቷ ቤት የደረሰችው አባቷ መሪጌታ አድማሱ ከተቀበሩ በኋላ ነው። ለቀስተኛው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ እጁን ታጥቦ ንፍሮ ይዟል። በር ላይ ቆማ ይህን ስታይ ገባት፤ እዚያው ወድቃ አለቀሰች።

ረፋድ ላይ ሐሙሲት ሱቋ ውስጥ ሳለች ነበር አጎቷ ይርጋ የደወሉላት። «አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል፤ ገስግሺ» አሏት። ትንሽ! ሱቋን በወጉ ሳትዘጋ ሚኒባስ ተሳፍራ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ሌላ መኪና፣ በመጨረሻም ያንን ዳገት በእግሯ። መንገዱን ሙሉ «ትንሽ ነው ብለዋል» እያለች ራሷን ስታጽናና ነበር።

ለቅሶዋ ጋብ ሲል ወደ አጎቷ ዞረች።

«መቼ ነው የሞቱት?»

«ማታ፣ ከብት ሲገባ» አሉ ይርጋ አቀርቅረው።

«ማታ! ታዲያ ጋሼ፣ ረፋድ ድረስ ዝም ያሉኝ በምን አንጀትዎ ነው?»

«መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ ልጄ? መንገድ ላይ ወድቀሽ ብትቀሪስ? አስበንልሽ ነው።»

አስበንልሽ! ደሟ ፈላ። ሰው አባቱን ሳይሰናበት እንዲቀር ማሰብ ምን ዓይነት ማሰብ ነው?

«ገስግሺ ማለት ምን እንደሆነ ወንድምዎ አልነገሩዎትም?» አለች። «ተማሪዎቻቸውን ሲያስተምሩ እኔ እንኳ ደጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። ከግእዝ የመጣ ነው፤ በማለዳ ተነሥቶ መሄድ ነው። ሰው የሚደርሰው ስለሮጠ ሳይሆን ጎህ ሳይቀድ ስለተነሣ ነው ይሉ ነበር። እናንተ ማለዳዬን ቀምታችሁ በረፋድ ሩጪ አላችሁኝ! ፊታቸውን እንኳ ሳልስም!»

የነፍስ አባታቸው «ተይ ልጄ፣ ወጉ ነው» አሏት።

«ወጉ ነው? ለመሆኑ መተማ ያለው ወንድሜ ሰምቷል?»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። «እሱን እንኳ ከሠልስት በኋላ፣ ሰው ልከን ቀስ ብለን...» አሉ ይርጋ።

ፈንታነሽ ስልኳን አወጣች። ይርጋ እጇን ሊይዙ ተነሡ፤ ቀድማቸው ወደ ጥግ ሸሸች። ወንድሟ ሲያነሣ ድምፅዋን አላለሳለሰችም።

«አስናቀ፣ አባታችን ሞተዋል። ዛሬ ተቀበሩ፤ እኔም አልደረስኩም። አልቅስ፣ አለሁ፤ አልዘጋውም።»

አስናቀም አለቀሰ። ድምፁ ከስልኩ ወጥቶ ቤት ሙሉ ሰው ሰማው።