የፋርስኛው ክፍል ሦስተኛ ተማሪ

«የድንች ጆንያ! እንዲያውም ጆንያ ይሻላል፤ ጆንያ አያንኮራፋም!» አሉ ፕሮፌሰር ቬንዴሊን ጠረጴዛውን በመጽሐፋቸው እየደበደቡ።

«ዐይኔን ብቻ ነው የጨፈንኩት፣ ፕሮፌሰር» አለ ሂኔክ።

«በአፍንጫህ ነው እንዴ የምትጨፍነው? ደግሞ ልክ በግጥሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሚስቱን ሲሰናበት ትጀምራለህ!»

ሂኔክ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። የቀሩት ሁለት ተማሪዎች አንገታቸውን ደፉ።

የፕሮፌሰሩ ታናሽ እህት ኦቲሊ ምድጃው አጠገብ ሹራብ ትሠራ ነበር። የፕራግ ዩኒቨርሲቲ ለቼኮችና ለጀርመኖች ከተከፈለ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚያ ወንበር ጠፍታ አታውቅም። ፋርስኛውን ከወንዶቹ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች፤ ሴት በመሆኗ ግን መማር አይፈቀድላትም፤ መዝገብ ላይም አትቆጠርም።

«ምነው ወንድሜ! ዛሬ ከዩኒቨርሲቲው ተማሪ ቆጣሪው ይመጣ የለም?»

ፕሮፌሰሩ ደንቡን አልረሱትም፤ ሦስት ተማሪ ካልተገኘ ትምህርቱ ይዘጋል። ፋርስኛ የሚፈልግ ሁሉ ወደ ጀርመኖቹ ክፍል ይሄዳል፤ ለእያንዳንዱ ስንኝ የቼክኛ አቻ ሲፈልጉ ያረጁበት ሥራም ከመሳቢያ ሳይወጣ ይቀራል።

«የሚያንኮራፋ ሰው አልለማመጥም።»

«አንተ አትለማመጥ» አለችና ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

ሂኔክን የውጭው በር ላይ ደረሰችበት።

«ጆንያው ሄዷል በሏቸው፣ ወይዘሪት ኦቲሊ።»

«እጅህ ምን ሆነ?»

«ከንጋት ጀምሮ የቢራ በርሜል አጥባለሁ። እዚህ ስመጣ ደግሞ መቀመጫዬ መስኮቱ ስር ያለው ሣጥን ነው፤ ብርዱ ያፈዘኛል። የሳቸው ድምፅ ሲጨመርበት...» ፈገግ አለ። «እናቴ እንደዚያ እያነበበች ነበር የምታስተኛኝ።»

«ይህን እንኳ እንዳትነግረው!» ሳቀች። «በል ና፣ ምድጃው ጋ ትቀመጣለህ።»

በገዛ ወንበሯ ላይ አስቀመጠችው። ፕሮፌሰሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ገጽ አርባ» አሉት። ከዚህ የበለጠ ይቅርታ መጠየቅ አያውቁበትም።

ቆጣሪው፣ ቀጭን ሰው፣ ሳያንኳኳ ገባ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እሳቸውስ?» አለ ወደ ኦቲሊ እያየ።

ፕሮፌሰሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ኦቲሊ ቀደመቻቸው። «የወንድሜን ካፖርት ላደርስ መጥቼ ነው።»

ሰውየው «ሦስት» ብሎ ጻፈ፤ በእርግጥ እየተማሩ መሆኑን ለማጣራትም ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ።

ንባቡ ቀጠለ። ድንገት ሂኔክ እጁን አወጣ። «ቆይ ፕሮፌሰር፣ ሰውየው ሚስቱ ፊት ቆሞ እያለቀሰ ከሆነ ለጉዞው ግመሎቹን የሚጭነው ማነው?»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃቸው ተማሪ አልነበረም። ሦስቱም ወደ መጽሐፉ አጎነበሱ፤ ቆጣሪው እንኳ አንገቱን አሰገገ።

መልሱ ኦቲሊ ከንፈር ላይ ደርሶ ነበር፤ ካፖርት ላደርስ መጣሁ ያለች ሴት ግን ፋርስኛ አታውቅምና ዋጠችው። ሹራቧን ብብቷ ስር ሸጎጠች፣ በሩን ድምፅ ሳታሰማ ከኋላዋ ሳበችውና ደረጃውን ወረደች።