ሰባተኛው ቀንና ፈተናው

«ዱቄቱ አንዴ ከገባ መቆም የለም» አሉ አክስት ናዝሚዬ። «እጅሽ ከቆመ ያርራል። የሟች ሐልዋ ካረረ ደግሞ አገር ያወራዋል።»

ሳኒዬ ማማሰያውን ይዛ ቅቤው ሲቀልጥ ታያለች። ዓይኗ ግን የግድግዳው ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ከሩብ። አባቷ ሩሽቱ ከሞተ ዛሬ ሰባተኛ ቀኑ ነው፤ ቁርኣን ይነበባል፣ ከዱቄትና ከቅቤ የሚሠራው ጣፋጭ ሐልዋ ለጎረቤት ይታደላል። የምታማስለው የሟች ሴት ልጅ ናት፤ ሴት ልጁ ደግሞ እሷ ብቻ ናት።

የሳይንስ ትምህርት ቤቱ መግቢያ ፈተናም ዛሬ ነው። በሩ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። መጪው ዓመት የሚባል ነገር የለም፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በዕድሜው የሚፈተነው አንዴ ብቻ ነው። ልጇ ኢሬም መታወቂያዋንና እርሳሷን ይዛ የኩሽናው ደፍ ላይ ተቀምጣለች።

«አንቺ ካልመጣሽ አልሄድም እማ።»

«አጎትሽ ያደርስሽ የለ እንዴ?»

«አጎቴ መንገዱን ሙሉ ስለ ኳስ ነው የሚያወራው። እኔ ደግሞ አለቅሳለሁ። ካለቀስኩ ቁጥሩ አይታየኝም።»

ሳኒዬ እንደገና ሰዓቱን አየች። ቅቤውን ትታ ብትሄድ አባቷን፣ ባትሄድ ልጇን መክዳት ሆነባት።

ከሳሎን ሳቅ ፈነዳ። ትናንት ከአንካራ የመጡ አረጋውያን ናቸው፤ ሁሉም የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ተማሪዎች የነበሩ። ሩሽቱ እዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት ምግብ አብስሏል። ኡስታ፣ የሙያ ጌታ፣ ይሉት ነበር።

«የፊዚክስ መምህራችን ‹ዓሣ ውስጥ ለአእምሮ የሚበጅ ፎስፎረስ አለ› ሲል ሰማው» ይላሉ ራሰ በራው ኢንጂነር ነጃቲ። «በቃ! የፈተና ሳምንት ቁርስ ዓሣ፣ ምሳ ዓሣ፣ እራት ዓሣ። የሰፈሩ ድመት ሁሉ ክፍል ድረስ ይሸኘን ጀመር።»

«የጨውህንስ ለምን አትናገርም?» አሉ አብረዋቸው የተማሩት ፕሮፌሰር ሙዥጋን። «ለዘጠና ስድስት ሰው ሾርባ ስንት ግራም ጨው እንደሚበቃ ቀምሮ የሰጠው ይሄ ነው። ኡስታ አምኖት በኬሚስትሪ ክፍሉ ሚዛን መዘነ። ለካስ የአስርዮሽ ነጥቧን አንድ ቤት አሳልፏታል!»

«ልጅ ነበርኩ!»

«ሾርባው ባሕር ሆነ። ኡስታ ጭልፋውን ይዞ በር ላይ ቆመ። ‹ያሰላችሁትን ትጨርሱታላችሁ› አለን። ጨረስነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ስንጠጣ አደርን።»

ሳምንቱ እንዲሁ ነው ያለፈው። ለቅሶ ደራሹ እያለቀሰ ይገባል፣ እየሳቀ ይወጣል። ሳኒዬም ቀድሞ የማታውቀውን ብዙ ነገር ሰማች። ትምህርት ቤቱ የተከፈተ ዓመት መስኮቶቹ ገና መስታወት አልነበራቸውም፤ የሚሞቀው ክፍል ኩሽናው ብቻ ነበር። ከመላ አገሪቱ ተመርጠው የመጡት ልጆች የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሒሳብ ተማሩ። አባቷም ካሮት እየከተፈ አብሮ ሰማ።

እሷ ግን እናቷ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሦስት ወንድሞቿን ለማሳደግ ሳትማር ቤት ቀረች።

ፕሮፌሰር ሙዥጋን ባዶ የሻይ ብርጭቆዎች ይዘው ወደ ኩሽና መጡ። ኢሬምን ሲያዩ ቆሙ።

«ፈተናው ዛሬ አይደለም እንዴ? ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

ኢሬም ማማሰያውን በአገጯ ጠቆመች። ሴትየዋ ገባቸው። ብርጭቆዎቹን አስቀመጡ።

«የእኔ አባት መርዶ የደረሰኝ በመጨረሻው ፈተናዬ ጠዋት ነው» አሉ። «ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ልወጣ ስል ኡስታ በር ላይ ያዘኝ። ‹ሐልዋውን እኔ አማስልልሻለሁ፤ አንቺ ግቢ› አለኝ። ተፈትኜ ስወጣ በትልቁ የሾርባ ድስት ሠርቶ፣ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ሲያድል አገኘሁት።»

«ለሌላ ሰው ልጅ በር ላይ ቆመ» አለች ሳኒዬ፣ ሳታስበው። «እኔን ግን...»

አክስት ናዝሚዬ አንገታቸውን ደፉ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አባቷ ጡረታ ላይ ሳለ ቤቷ መጣ። «ተነሽ፣ ጫማሽን አድርጊ» አላት፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። የጎልማሶች የመሠረተ ትምህርት ክፍል ወሰዳት። አስገብቷት ይመለሳል ስትል ከኋላ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሦስት ወር ሙሉ እንዲሁ መጣ። አንድ ቀን መምህርቷ «አባባ፣ እርስዎ ማንበብ ይችላሉ፤ ለምን ይደክማሉ?» አለችው። «ዘግይቼ ያመጣኋትን ልጅ ብቻዋን ላስገባት?» አላት። ሳኒዬ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። የዚያን ቀን የራሷን ስም ጻፈች።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሳኒዬ ማማሰያውን ለፕሮፌሰሯ ዘረጋች።

«ያዙልኝ። ልጄን ላስገባት።»

«ኧረ ጉድ! ባዳ የሟች ሐልዋ ሲያማስል?» አሉ አክስት ናዝሚዬ።

ይህን ጊዜ ነጃቲ በበሩ ብቅ አሉ። «ቅቤው ሙቀቱ ስንት ደረሰ? እኔ በስሌት...»

«አንተ የጨው ሰውዬ፣ ከፊቴ ጥፋ!» አሉና አክስት ናዝሚዬ ማማሰያውን ቀሙ። «እኔስ እህቱ አይደለሁ? ለእነዚህ ከምተውላቸው... አንቺ ምን ቆመሽ ታያለሽ? በሩ ሊዘጋ ነው፣ ሩጪ እንጂ!»

ሳቁ እስከ አጥሩ ድረስ ሸኛቸው።

እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሮጡ። ሲደርሱ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የተፈታኞች ዝርዝር ዙሪያ ሰው ተጋፍቷል። ሳኒዬ በክርኗ መንገድ ከፈተች። ጣቷን ከስም ስም እያወረደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች።

«ይኸው! ኢሬም። ሁለተኛ ፎቅ፣ ክፍል አሥራ አራት።»

«እኔ እኮ ቀድሜ አይቼዋለሁ እማ።»

«ዝም በይ፣ እኔ ነኝ ያገኘሁት» አለችና ሳመቻት።

ኢሬም ገባች። ደረጃው ላይ ዞራ እጇን አውለበለበች። አላለቀሰችም። በሩ ተዘጋ።

ሳኒዬ ከሌሎቹ እናቶች ጎን ቆማ መዳፎቿን ዘረጋች። «ጌታዬ፣ አግራላት፣ አታክብድባት...» ብላ ጀመረች። ብዙም ሳትገፋበት ምላሷ ወደ ሟች ዱዓ፣ ወደ ፋቲሃ ዞረ። አላቋረጠችውም። እስከ መጨረሻው አድርሳ መዳፎቿን ፊቷ ላይ አሳለፈች፤ በእንባ ረጥበው ወረዱ። በቀሚሷ አደረቀቻቸውና ለልጇ እንደገና ዘረጋቻቸው።