ነዳጅ የሞላ ጋቢና ይቀመጣል

ሰፈሩ "ፍሬቻ" ነበር የሚለው። ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ከወጣ በኋላም በእግሩ ሲሄድ ወደ ግራ መታጠፍ ካሰበ ግራ እጁን ይዘረጋል። ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ሱቁ ደጃፍ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ፣ ኋላውን አይቶ፣ ከዚያ ነው የሚገባው። ከኋላው የሚመጣ ጎረቤት ቆሞ ያሳልፈዋል። ያላሳለፈው እንደሆነ "መንጃ ፈቃድ ማን ሰጠህ?" ይባላል።

ይህ ሰው አንድ የማይነቃነቅ ሕግ ነበረው፤ በሰው ነዳጅ አይሄድም። ሕጉን ያመጣው ከመንገድ ነው። በእነሱ ዘመን መኪናው የተበላሸበት ሹፌር በሌላ ሹፌር መኪና ሲሳፈር መጀመሪያ በሚያገኙት ማደያ ነዳጅ ይሞላል። የሞላ እንግዳ አይባልም፤ ጋቢና ከሹፌሩ ጎን ይቀመጣል፣ የት ይቆም፣ የት ይታደር ሲባልም ይጠየቃል። ያልሞላ ግን ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጥቶ አቧራውን ይቅማል። ፍሬቻ አንድም ቀን ጭነት ላይ ወጥቶ አያውቅም። ለቀብር እንኳ ሲሄድ ለጎረቤቱ መኪና ነዳጅ ካልሞላሁ ብሎ ለቀስተኛውን ማደያ ያሰለፈ ሰው ነው።

ልጁን "እንዝርት" ይላታል፤ አንድ ቦታ ስለማትቀመጥ። ሥራዋ የጥርስ ሐኪም ወንበር መትከልና መጠገን ነው። ወንበሩ በሽተኛውን አንጋሎ አልመልስም ያለ እንደሆነ የምትጠራው እሷ ናት። ለዚህ ስትል ከአገር አገር ትበራለች። አየር መንገዱም በበረረች ቁጥር ነጥብ ይሰጣታል፤ ነጥቡ ሲበዛ በነጻ ትኬት ይለወጣል ተብሏል። አንድ ቀን አባቷን ይዛበት ትሄድ ዘንድ ነጥቧን እንደ ጥሪት ትጠብቀው ነበር። አባትየው ግን ወይ ፍንክች!

አንድ እሑድ ከሰዓት ባሕር ማዶ ያለው ታላቅ ወንድሙ ደወለ። ፍሬቻ ስልክ ሲያናግር ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ስለሚለቀው እንዝርትም ትሰማለች።

"አንተ፣ ልቤን ሊከፍቱት ነው" አለ ታላቅየው። "ከከፈቱት በኋላ መዝጋቱን ከረሱት አታገኘኝም። ና።"

"በምን ልምጣ?"

"በአይሮፕላን ነዋ! ወይስ ባሕሩ አስፋልት እስኪለብስ ልትጠብቅ ነው?"

"ትኬቱንስ ማን ይቆርጣል?"

"እኔ እቆርጣለሁ።"

"በሰው ነዳጅ አልሄድም።"

"ወንድምህ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሰው የሆነው?"

ፍሬቻ ስልኩን ዘጋው። ከዘጋው በኋላ ግን ከወንበሩ አልተነሳም። ያሳደገው እኮ ያ ወንድሙ ነው። መሪ ያስጨበጠውም እሱ፣ የመጀመሪያውን አጥር ሲያፈርስ "እኔ ነኝ" ብሎ የተገረፈለትም እሱ። እንዝርት እራት አቀረበች፤ አልነካውም። አባቷ ምግብ የሚተወው እናቷ ከሞተች ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው። ወንድሙን ሳያየው አንድ ነገር ቢደርስ፣ ጸጸቱ አባቷን በቁሙ እንደሚጨርሰው ገባት።

"አባዬ፣ ማንም አይቆርጥም" አለችው። "ነጥብ አለኝ። ለሁለታችንም ይበቃል። ነጻ ነው።"

"ነጻ ማለት ማን ከፍሎት?"

"ማንም።"

"ማንም ካልከፈለ ነዳጁን ማን ሞላው?"

"አየር መንገዱ ነዋ። ሄድንም ቀረንም መብረሩ አይቀርም።"

አገጩን አሸት አሸት አደረገ። "እኛን ብሎ ካልሆነ እንግዲህ…" አለና ሳህኑን ሳብ አደረገ።

በማግስቱ አየር መንገዱ ቢሮ ሄዱ። ፍሬቻ የሠርጉን ኮት ለብሶ፣ መስኮቱ ፊት ቆሞ፣ ትኬት ቆራጯ ኮምፒውተር ስትነካካ በአድናቆት ያያል። ቅልጥፍ ያለች ወጣት ናት።

"ነጥቡ በቂ ነው" አለች ፈገግ ብላ። "ትኬቱ ነጻ ነው። የሚቀረው የነዳጅ ተጨማሪ ክፍያ ብቻ ነው።"

እንዝርት ሳለች። ድምፁን ለመሸፈን ነበር፤ ግን ዘገየች።

"ምን አልሽ የኔ ልጅ?" አለ ፍሬቻ።

"የነዳጅ ክፍያ አለ አባባ።"

"ቆይ እስቲ። ትኬቱ ነጻ ነው?"

"አዎ።"

"ነዳጁ ግን ነጻ አይደለም?"

"አይደለም።"

"ያለ ነዳጅ ይበራል?"

"አይ፣ አይበርም።"

"ታዲያ ነጻ የሰጣችሁን ምኑን ነው?"

ትኬት ቆራጯ ኮምፒውተሯን አየች፣ ጣራውን አየች። "እ… ወንበሩን መሰለኝ።"

"ወንበርማ ቤቴም አለኝ!"

ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሳቀ። ፍሬቻ ግን አልሳቀም፤ ክፍያው ስንት እንደሆነ ጠይቆ ሰማና ኮቱን ፈታ። "በሊትር ስንት ይመጣል የኔ ድርሻ?"

"በሊትር አይደለም አባባ።"

"ታዲያ በክንድ ነው? ስሚ ልጄ፣ እኔ ብመዘን ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ትንሽ ብበልጥ ነው። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ይኼን ሁሉ ነዳጅ የሚጠጣ ከሆነ ሞተሩ ወርዶ ይታይ። ያፈሳል!"

"እውነታቸውን ነው፣ ያፈሳል!" አለ ከኋላ ያለው ሰው፤ እሱም ያው ክፍያ ሳይጠብቀው አልቀረም።

እንዝርት የአባቷን እጅጌ ይዛ "ዝም በል አባዬ፣ እኔ እከፍለዋለሁ" ብላ አንሾካሾከች። ይህን ባትል ይሻላት ነበር።

"በልጄ ነዳጅ?" አለና እጁን ወደ ቀኝ ዘርግቶ፣ ታጥፎ፣ በበሩ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ስለ ጉዞው አንድ ቃል አልተነፍስም አለ። የወንድሙ ቀዶ ጥገና እየቀረበ ነው፤ እሱ ግን ጠዋት ወጥቶ ጋራዥ ይውላል። እንዝርት ሲጨንቃት እዚያው ሄደች። የአባቷ ወዳጅ "ክላች" የሚሉት መካኒክ ከአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ሥር ተጋድሟል፤ የሚታየው ሁለት እግሩ ብቻ ነው። ፍሬቻ አጠገቡ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ለእግሮቹ ብሶቱን ይነግራል።

"ጋሽ ክላች፣ እባክዎ ይምከሩልኝ" አለች እንዝርት ጎንበስ ብላ። "ወንድሙ ሊታከም ነው። እኔ ልክፈል ብለው እንቢ አለኝ።"

"እንዴት አንቺ ትከፍያለሽ?" አለ ከሥር ያለው ድምፅ። "ነዳጁን ማንን ነው የጠየቁት?"

"እኔን!" አለ ፍሬቻ። "ፊት ለፊቴ!"

"ሌሎቹንስ ተሳፋሪዎች ጠይቀዋል?"

ጥያቄው ለእንዝርት ነበር። እውነቱን ታውቀዋለች፤ ሁሉም ይከፍላል፣ ግማሹ ትኬቱ ውስጥ ተደብቆለት ሳያውቀው ይከፍላል። "የእነሱ እንኳን… ትኬቱ ውስጥ ስለሆነ፣ ለብቻው ነዳጅ ተብሎ ብዙም…"

"ለብቻው ነዳጅ ሙላ የተባለ እሱ ነው ማለት ነው?"

እንዝርት አባቷን አየችው። ጉንጩ ሰርጉድ ብሏል። "እንደዚያ… እንደዚያ ማለት ይቻላል" አለች፤ አንደበቷን መቁረጥ እያማራት።

እግሮቹ ተንቀሳቀሱ። ክላች ግራሶ የተቀባ ፊቱን ብቅ አደረገ። "አንተ ደንቆሮ! እነሱ እኮ ያከበሩህ ናቸው። ነዳጅ የሞላ ምንድነው?"

ፍሬቻ ከጀሪካኑ ላይ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ቁመቱ የጨመረ መሰለ።

"ባለ ጋቢና" አለ።

በዚያው ቀን ከጡረታው ያጠራቀማትን ይዞ ቢሮው ሄደና የሁለቱንም ነዳጅ ከፈለ። "ያንቺም በኔ ነው፤ አትሳቀቂ" አላት ልጁን። ደረሰኙ ላይ "ነዳጅ" የሚለው ቃል በግልጽ መጻፉን አይቶ ደረት ኪሱ ከተተው። እንዝርት ደስ አላት። አንዴ ይሳፈር እንጂ ከተሳፈረ በኋላ የት ይደርሳል ብላ ነበር።

የአይሮፕላኑ በር ላይ አስተናጋጇ ተቀበለቻቸው። መንገደኛው ሁሉ በቀኝ ይታጠፋል። ፍሬቻ ግራ እጁን ዘረጋ፣ ኋላውን አየ፣ በግራ ታጥፎ ወደ አብራሪዎቹ ክፍል አመራ።

"አባባ! አባባ! መቀመጫዎ በዚህ ነው፣ ከኋላ!"

"ከኋላ ያልሞሉት ናቸው የኔ ልጅ" አለና ደረሰኙን አወጣ። "ይኸው፣ አንብቢው። ነዳጅ።"

"አልገባኝም…"

"የዚህ መኪና ነዳጅ የተሞላው በኔ ነው። ጋቢናው የኔ ነው።"

ሰልፉ ደረጃው ላይ ቆመ። አንዱ "ምን ተፈጠረ?" ሲል ሌላው "ባለቤቱ መጥቷል አሉ" ይላል። እንዝርትን ላብ አጠመቃት። አስተናጋጇ ወደ እሷ ጠጋ ብላ "እህቴ፣ ካልተቀመጡ እኮ ለማውረድ እንገደዳለን" አለቻት። እንዝርት አፏን ከፈተች። አባዬ ሁሉም ከፍሏል፣ ዋሽቼህ ነው ብትለው ይቀመጥ ይሆን? አይቀመጥም። እጁን ዘርግቶ ይታጠፋል፣ ደረጃውን ይወርዳል፣ ወንድሙም ሳያየው ወደ ቢላዋው ይሄዳል።

ጫጫታውን ሰምታ አብራሪዋ ራሷ ወጣች፤ ትከሻዋ ላይ መስመር ያለው ሸሚዝ የለበሰች ዘለግ ያለች ሴት።

"ካፒቴን" አለች እንዝርት፣ በዓይኗ እየለመነች። "አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ነዳጅ… ነዳጅ ሞልቷል።"

አብራሪዋ ልጅቷን አየች፣ ደረሰኙን አየች፣ ሽማግሌውን አየች። "እርስዎ ነዎት የሞሉት?"

"እኔ ነኝ። አንቺ ነሽ ሹፌሯ?"

"እኔ ነኝ አባባ።"

"ፍሬን አይተሻል?"

"አይቻለሁ።"

"ጎማስ?"

"ዞሬ አይቻለሁ።"

"ጎሽ። በይ ጋቢናውን ክፈቺልኝ።"

"ጋቢናው እኮ ሁለት ሰው ነው የሚይዘው፤ ረዳቴ ገብቷል።"

"ረዳት ከኋላ ነው፤ ይውጣ።"

"የኔ ረዳት ጭነት የሚያወርድ አይደለም አባባ። ተለዋጭ ሹፌር ነው። እኔ ሲደክመኝ እሱ ይይዛል።"

  ፍሬቻ ደረሰኙን አጠፈና ወደ ኪሱ መለሰው።

"ተለዋጭ ሹፌር ካለማ" አለ፣ "ባለ መኪናውም ይነሳለታል። እንቅልፍ የተጫነው ሹፌር ሁላችንን ይጨርሳል። ይቀመጥ። ግን እኔ ሳላውቅ የትም አትቁሚ።"

"አልቆምም።"

"መንገድ ላይም ሰው እንዳትጭኚ።"

"እግዜር ያውቃል፣ አንድም አልጭንም" አለች አብራሪዋ፤ ከንፈሯን ነክሳ ቶሎ ዞረች።

ከዚያ ወዲያ ፍሬቻን የሚችለው ጠፋ። በመተላለፊያው ሲያልፍ ወዲያና ወዲህ እያየ "ተመቻችሁ? ተጫወቱ፣ ቤታችሁ ነው" ይላል። ሕፃን ያቀፈች እናት ሲያይ "የልጅ አላስከፍልም፣ አይዞሽ" አላት። እናቲቱም ያልገባት ነገር ቢሆንም ደግ ነገር ነውና "እግዜር ይስጥልኝ" አለችው። ሲነሱ መቀመጫውን ጨብጦ "ማርሽ ለውጪ፣ ለውጪ!" ሲል፣ ሊያርፉ ሲሉ ደግሞ ወለሉን በቀኝ እግሩ ሲረግጥ የፊተኛው ተሳፋሪ ሦስቴ ዞሮ አየው። መሬት ሲነኩ ሰው አጨበጨበ። ፍሬቻ ቀበቶውን ፈቶ ተነሳ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለሁሉም እጅ ነሳ።

ወንድሙ መውጫው ላይ ከዘራ ተደግፎ ይጠብቅ ነበር። ኮቱ ሰፍቶታል። እንዝርት ስታየው ደነገጠች፤ አባቷም ሻንጣውን መግፋት አቆመ።

"ሰማሁ" አለ ታላቅየው በቀጭን ድምፅ። "በነጻ መጣህ አሉ።"

"ምን በነጻ! ይኼ የምታየው ሕዝብ ሁሉ በኔ ነዳጅ ነው የመጣው።"

ወንድሙ ከበሩ እየተግተለተለ የሚወጣውን መንገደኛ አየ። "ይኼ ሁሉ?"

"ይኼ ሁሉ።"

"እኔን ልታይ ብለህ ይኼን ሁሉ ሰው ጭነህ መጣህ?"

"ባዶዬን ከምመጣ ብዬ ነው።"

ታላቅየው ሳቀ። ሲስቅ ደረቱን በአንድ እጁ ያዘና "ተው፣ ተው አንተ፣ ሐኪሙ ከልክሎኛል" አለ። ፍሬቻ ሻንጣውን ለልጁ ለቆ ወንድሙን በሁለት እጁ አቀፈው። ብዙ ቆዩ። መንገደኛው በግራም በቀኝም ያልፋቸዋል።

"እሺ፣ መቼ ትመለሳለህ?" አለ ታላቅየው፣ ፊቱ ወንድሙ ትከሻ ላይ እንዳለ።

"የሞላሁት ደርሶ መልስ ነው" አለ ፍሬቻ። "አንተ በእግርህ ቆመህ ካልሸኘኸኝ አልመለስም። ያ ሁሉ ነዳጅ ፈሶ ይቀራል።"

ታላቅየው ቀና ብሎ አየው። አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

"ነዳጅማ አይደፋም" አለ። "በል እንግዲያው፣ ንገራቸውና ልቤን ቶሎ ከፍተው ይዝጉልኝ።"