ኡዘይር የሰጠው ኩላሊት

ኡዘይር ታላቅ ወንድሙን ሸሪፍን በቡጢ የመታው ከተማው መሀል አራዳ ባለው የጨርቅ ሱቃቸው ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ሸሪፍ ጣቃው ላይ ወደቀ፤ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ አቡጀዲውን አቀላው። ጎረቤቶች ገብተው ባይዙት ኖሮ ኡዘይር ይደግመው ነበር።

ጠቡን ያመጣው ሐኪሙ እስጢፋኖስ ያን ዕለት ጠዋት የተናገረው ነው። ከዓመታት በፊት የሸሪፍ ኩላሊቶች ሲከዱት፣ ኡዘይር ከራሱ ጎን አንዱን አውጥቶ ሰጥቶታል። አሁን ደግሞ ሸሪፍ ጆሮ ላይ የወጣች ቁስል ካንሰር ሆና አንገቱንና ሳንባውን ይዛለች።

«ሰውነትዎ ኩላሊቱን እንዳይጠላው ብለን በሽታ የሚከላከሉለትን ዘበኞቹን በመድኃኒት አስተኝተናቸዋል» አለ ሐኪሙ። «ካንሰሩ የገባው እነሱ በተኙበት ነው። የሚቀሰቅሳቸው አዲስ መድኃኒት አለ። ከነቁ ግን ኩላሊቱንም ባዕድ ነው ብለው ሊበሉት ይችላሉ።»

«ይቀስቅሷቸው» አለ ሸሪፍ፣ ወንድሙን ሳያማክር።

ከቡጢው በኋላ ሱቁ ውስጥ፣ ሸሪፍ ደሙን በእጅጌው እየጠረገ፣ «ሥጋህን ሰጥተኸኛል፤ አልካድሁም» አለው። «ኩላሊትህን ብጠብቀው ግን ከኔው ጋር አፈር ይበላዋል። ምነው፣ ሬሳዬን ነው የምትሻው?»

ኡዘይር ከሱቁ ወጥቶ ሄደ። ቁጣው ግን አልበረደም።

መድኃኒቱ ተሰጠ። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ሸሪፍ ከከተማው ወጣ ብሎ አዘዞ ባለው ቤቱ ውስጥ በትኩሳት እንደ እሳት ነደደ፤ ሆዱ ተነፋ፣ ሽንቱ ደም ሆነ፣ ትራሱን ነክሶ አጓራ። ሚስቱ ፈህሚያ ኡዘይርን ጠራችው። ወንድሙን በማኪናው ጭኖ ወደ ከተማ ሲበር መንገዱ ላይ በዚያ ሰሞን በሚዋጉት ታጣቂዎች መካከል ተኩስ ተከፈተ። የኋላው መስታወት ረገፈ፤ ጎማው ፈንድቶ ማኪናው ቦይ ውስጥ ገባ። ኡዘይር ሸሪፍን ተሸክሞ፣ ጥይት በጆሮው ሥር እያፏጨ፣ ጎንበስ ብሎ ሮጠ። ሸሪፍ ጀርባው ላይ አስታወከበት።

«ጥለኸኝ ሂድ» አለው።

«ዝም በል፣ አያ ሸሪፍ። ብትሞትብኝ ደግሜ ነው የምመታህ።»

ከአንድ ቅያስ ባጃጅ አግኝተው ሆስፒታል ደረሱ። ሸሪፍን የኩላሊት እጥበት ማሽን ላይ አዋሉት። ኩላሊቱ ግን ሞቶ ነበር፤ ቀዶ ሐኪሞቹ ጠቁሮና አብጦ ስላገኙት አወጡት። ኡዘይር ልየው አለ። አየውና ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

በኋላ እስጢፋኖስ የምርመራውን ውጤት ነገራቸው። የአንገቱ እብጠት ሟሟ፤ የሳንባውም ቀንሷል። ሸሪፍ ከእንግዲህ የሚኖረው በማሽኑ ነው።

ኡዘይር አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። «ስለ መታሁህ አውፍ በለኝ» አለ።

«ብያለሁ። አንተስ? ስለ ኩላሊትህ አውፍ ትለኛለህ?»

«እኔ ገና አውፍ አላልሁህም» አለ ኡዘይር። ውኃ እንዳይጠጣ የተከለከለው ወንድሙ አፉ መድረቁን አየና፣ ጥጥ ነክሮ ምላሱን አረጠበለት።